የ25 ሚሊዮን ብሩ ቤት ለምን ዕዳ ሆነ? ስለ ሲ ቋንቋ የቁጥር ወሰኖች

ሰፈራችን ውስጥ ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚማር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። በቀደም ዕለት በቴሌግራም የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ቤቱ ዕዳ ሆነብኝ» ብሎ ጽፏል።

ለልምምድ ብሎ የቤት ሽያጭ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቷል። ሳንቲሟ እንዳትጠፋበት ዋጋውን በ100 አባዝቶ በሳንቲም ነው የሚያስቀምጠው። የ8 ሚሊዮን ብር ኮንዶሚኒየም አስገባ፤ ሠራ። 18 ሚሊዮን አስገባ፤ ሠራ። ከዚያ የ25 ሚሊዮን ብር ቪላ ሲያስገባ ፕሮግራሙ ምንም ሳያቅማማ «-17,949,672 ብር ከ96 ሳንቲም» አለው። ሻጩ ቤቱን አስረክቦ ወደ 18 ሚሊዮን ብር ሊመርቅለት ነው ማለት ነው።

«ላፕቶፔ ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ።

«ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ኢንቱ ሞልቶብህ ነው» አልኩት። ኢንት ማለት ሲ ሙሉ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ዕቃ ነው።

ወረቀት ላይ ቁጥር ዳርቻ የለውም፤ ዜሮ መደርደር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ቁጥር የሚቀመጠው ዕቃ ውስጥ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ልክ አለው። ሲ ላይ «ኢንት ዋጋ» ብላችሁ ስትጽፉ ስም ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ቁናውንም መምረጣችሁ ነው። አንዳንድ ቋንቋዎች ቁናው ሲሞላ ራሳቸው ትልቅ ያመጣሉ፣ ፓይተን ለምሳሌ። ሲ እንዲህ ዓይነት ደግነት አያውቅም። የሰጣችሁትን ዕቃ ይዞ መስፈሩን ይቀጥላል።

ልኩ የሚለካው በቢት ነው። አንድ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆነ ሁለት ነገር ይይዛል። ቢት በጨመራችሁ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። 8 ቢት 256 ዓይነት፣ 16 ቢት 65,536፣ 32 ቢት 4,294,967,296። ዛሬ እጃችን ላይ ባሉት ላፕቶፖችና ስልኮች ኢንት 32 ቢት ነው። ከ4.29 ቢሊዮኑ መቀመጫ ግማሹ ከዜሮ በታች ላሉት ስለተመደበ፣ ወደ ላይ የሚደርሰው እስከ 2,147,483,647 ነው። ይህን ቁጥር ሳንቲም ነው ብላችሁ ወደ ብር ቀይሩት፤ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ይመጣል። 18 ሚሊዮኑ ለምን እንዳለፈ፣ 25 ሚሊዮኑ ለምን እንደተሰናከለ እዚህ ላይ ታያላችሁ። ሳንቲም በኢንት የሚቆጥር ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤት መመዝገብ እንደማይችል እናንተው ገምቱት።

ግን ከሞላ ለምን አይቆምም? ለምንስ ከዜሮ በታች ወረደ?

አሮጌ ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ አምስት ቤት ብቻ ነበረው። 99999 ላይ ደርሳችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ ሁሉም ተሽከርክሮ 00000 ይላል። (ይህች ነገር ለስንቱ ደላላ ሲሳይ እንደሆነች እግዜር ይወቀው።) አሁን ነገሩን ገልብጡት። ቆጣሪው 00000 ላይ እያለ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቢዞር 99999 ያሳያል። እንግዲያው 99999ን «ከዜሮ አንድ የጎደለ» ወይም -1 ብለን ብናነበውስ? 99998ን ደግሞ -2? እንዲህ ተስማምተን ቆጣሪውን ለሁለት እንክፈለው። ከ00000 እስከ 49999 ያለው እንደወትሮው ይነበብ፤ ከ50000 እስከ 99999 ያለው ከዜሮ በታች ይሁን።

ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት «ቱስ ኮምፕሊመንት» የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። የሚለየው ጥርሶቹ ከአሥር ይልቅ ሁለት መሆናቸው ነው። ትልቁ ጥቅሙ የመደመሪያው ማሽን ስለ ኔጌቲቭ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ችግሩ ያለው መሀል ላይ፣ 49999 ላይ ነው። አንድ ስትጨምሩ መንኮራኩሩ 50000 ይላል፤ እኛ ግን -50000 ብለን ልናነበው ተስማምተናል። የተማሪው ቤትም ይህን መስመር አልፎ ነው የሄደው። 2,500,000,000 ሳንቲም ከመስመሩ በላይ ነው። ከእሱ ላይ አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 4,294,967,296፣ ስትቀንሱ -1,794,967,296 ሳንቲም ይቀራል። በ100 አካፍሉት፤ ያቺው ዕዳ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። የቆጣሪውን ሁለት ግማሾች በደንብ ካያችሁ እኩል አይደሉም። ዜሮ መቀመጫዋን የያዘችው ከላይኛው ግማሽ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች ያለው ወገን በአንድ ይበልጣል። የኢንት ታችኛው ወሰን -2,147,483,648 ሲሆን ላይኛው በ48 ሳይሆን በ47 ያልቃል። ያቺ የመጨረሻዋ ኔጌቲቭ አቻ የላትም። «ምልክቷን ገልብጥልኝ» ብትሉት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለም። የሲ ቋንቋ የራሱ ፋይል እንኳ በእሷ ይቸገራል። ወሰኖቹ የተጻፉበትን «ሊሚትስ ዶት ኤች» የሚባለውን ፋይል ከፍታችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ቁጥሯን በቀጥታ አታገኟትም፤ «-2147483647 ሲቀነስ 1» ተብላ ነው የተጻፈችው። ምክንያቱም ሲ የቅናሽ ምልክቱን ከቁጥሩ ነጥሎ ነው የሚያነበው። በመጀመሪያ 2147483648ን ያያል፤ እሱ ደግሞ ኢንት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በጓሮ በር ይገባሉ።

ያው ፋይል የእያንዳንዱን ዕቃ ልክ በስም ይዟል። ኢንት_ማክስ፣ ኢንት_ሚን፣ ሎንግ_ማክስ፣ የአንድ ባይት (ብዙ ጊዜ የ8 ቢት ጥቅል) ቢት ስንት እንደሆነ የሚናገረው ቻር_ቢት፣ ወዘተ። ኮድ ውስጥ በላቲን ካፒታል ፊደል ነው የሚጻፉት። ቁጥሩን በቃል ከመያዝ እነዚህን ስሞች መጥራት ይሻላል። ለምን ቢባል፣ ቁጥሩ ከማሽን ማሽን ይለያያል።

ወደ ተማሪው ልመለስና፣ መጀመሪያ የሰጠሁት ምክር ስህተት ነበር። «ሎንግ አድርገው፣ ይበቃሃል» አልኩት። ሎንግ ከኢንት ይሰፋል ተብሎ የሚታሰብ ዕቃ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ሊነክስ ነው፤ ሞከርኩት፣ ሠራ። ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መልእክት ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሎንግ አደረግኩት። ዕዳው ግን አልተከፈለም።»

የእሱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው። 64 ቢት በሆነ ሊነክስና ማክ ላይ ሎንግ 64 ቢት ነው። 64 ቢት በሆነ ዊንዶውስ ላይ ግን ሎንግ አሁንም 32 ቢት ነው፤ ከኢንት በምንም አይበልጥም። ስሙ «ረጅም» ሆኖ ቁመቱ ያው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ? ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህና ከዚህ በታች ዓመቶቹ፣ በእኛ ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ሲን ሲሠራ እጁ ላይ የነበረው ፒዲፒ-11 የሚባል ማሽን ነበር። የእሱ ኢንት 16 ቢት ነው። ቋንቋው ወደ ሌሎች ማሽኖች ሲዛመት ደግሞ ቃላቸው (ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው የቢት መጠን) 36 ቢት የሆነ ጭምር አጋጠመው። ስለዚህ በ1989 ደረጃ ሲወጣለት የወሰን ቁጥር ቆርጠው አልደነገጉም። «ከዚህ አያንስ» ብቻ ነው ያሉት። ቻር (ለፊደል የሚውለው ትንሹ ዕቃ) ከ8 ቢት አያንስም፤ ሾርትና ኢንት ከ16፤ ሎንግ ከ32። በ1999 ደረጃ ሎንግ ሎንግ ሲጨመር እሱም ከ64 አያንስም ተባለ። ከዚያ በላይ ያለው የማሽኑና የኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፈንታ ነው። በሕጉ መሠረት ኢንት እስከ 32,767 ለመያዝ ብቻ ነው የሚገደደው።

«16 ቢት ኢንት ዛሬ ማን አለው?» የሚል ካለ፣ የሮቦቲክስ ክበብ ውስጥ ያሉ ልጆችን ይጠይቅ። እስከ አር3 ባሉት፣ አርዱዊኖ ኡኖ በሚባሉት ትንንሽ ቦርዶች ላይ ኢንት 16 ቢት ነው። ቦርዱ ከበራ ጀምሮ ያለፈውን ሚሊሰከንድ የሚቆጥረውን «ሚሊስ» ኢንት ውስጥ ያስቀመጠ ልጅ ሥራው ከ32 ሰከንድ ከምናምን በኋላ ያብድበታል። ሰው ሽቦውን ይነቃቅላል፣ ባትሪ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ሽቦው ላይ አይደለም። «ሚሊስ» ራሱ የሚመልሰው 32 ቢት አንሳይንድ ቁጥር ነው፤ እሱም ቢሆን 50 ቀን ሊሞላ ሲል ተሽከርክሮ ዜሮ ይላል።

አንሳይንድ ካልን እሱን እዚሁ እንጨርሰው። ኔጌቲቭን ጭራሽ አልፈልግም ካላችሁ «አንሳይንድ» ትላላችሁ፤ ሙሉው ቆጣሪ የእናንተ ይሆናል። 32 ቢቱ ከ0 እስከ 4,294,967,295 ይደርሳል። ሲሞላም ደረጃው ራሱ «ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል» ብሎ ቃል ገብቷል። ኔጌቲቭ የሚይዘው ሳይንድ ሲሞላ ግን ደረጃው የሚለው ሌላ ነው፤ «ምን እንደሚሆን አልናገርም» ይላል። በሙያው ቋንቋ «አንዲፋይንድ ቢሄቪየር» ይባላል።

ይህቺን ብዙ ሰው ቀለል አድርጎ ያልፋታል። «ያው እንደ ቮልሷ ዞሮ ኔጌቲቭ ይሆናላ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ቤቱም ያን ያህል ዕዳ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ኮምፓይለሩ ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። «ሳይንድ ቁጥር ፈጽሞ አይሞላም» ብሎ አምኖ ኮዱን ያሳጥራል። ለምሳሌ ጠንቃቃ የሆነ ሰው «ሀ ሲደመር 100 ከሀ ካነሰ፣ ሞልቷልና አስቁመው» ብሎ ይጽፋል። ኮምፓይለሩ ያያትና «በአንድ ቁጥር ላይ 100 ተጨምሮ ከራሱ ሊያንስ አይችልም» ብሎ መስመሯን እንዳለች ይሰርዛታል። ጥበቃው ራሱ ተባረረ! በልምምድ ጊዜ ሲሠራ የነበረ ኮድ፣ ፍጥነት እንዲጨምር ማሳጠሪያው ሲበራ የሚበላሸው አንዳንዴ በዚህ ነው።

መፍትሔው ከመደመር በፊት መጠየቅ ነው። «ከኢንት_ማክስ ላይ 100 ሲቀነስ፣ ሀ ከውጤቱ ይበልጣል?» በሉ። ይህ ጥያቄ ራሱ አይሞላም። ሲ23 የሚባለው አዲሱ ደረጃ ደግሞ ደምሮ «ሞልቷል» ወይም «አልሞላም» ብሎ የሚመልስ ዝግጁ ፈንክሽን አምጥቷል። ስትሞክሩ ጂሲሲ ወይም ክላንግ በሚባሉት ኮምፓይለሮች ላይ አንዲፋይንድ ሳኒታይዘር የሚባለውን ብታበሩት፣ ቁጥሩ የሞላበትን መስመር በጣቱ ያሳያችኋል። ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ቢያበራው እላለሁ። ለምን ከጅምሩ እንደማያስተምሩት አይገባኝም።

ልጁን «እሺ፣ አሁን ሎንግ ሎንግ አድርገው» አልኩት። ሎንግ ሎንግ የትም ቢሆን ከ64 ቢት አያንስም። ደግሞ ሞከረ። አሁንም ዕዳ!

በዚህኛው ሳቅኩ፣ ምክንያቱም እኔም ስንት ጊዜ ወድቄበታለሁ። መስመሩ «ሎንግ ሎንግ ሳንቲም እኩል ይሆናል ብር ሲባዛ በ100» ይላል። «ብር» የሚለው ቫሪያብል ግን ኢንት ነው፤ 100ም ኢንት ነው። ሲ ሁለት ኢንቶችን ሲያባዛ ውጤቱን ኢንት ውስጥ ነው የሚሠራው። መጨረሻ ላይ የት እንደሚቀመጥ ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ ብዜቱ ትንሿ ቁና ውስጥ ይሞላል፣ ይበላሻል፤ የተበላሸው ውጤት ነው ወደ ትልቁ ጎተራ የሚገባው። ጎተራውን ብታሰፉት ዋጋ የለውም። 100ው ላይ ሁለት «ኤል» ለጥፋችሁ ሎንግ ሎንግ ስታደርጉት ብዜቱ ራሱ በትልቁ ይሠራል። ልጁ ለጠፈ። 25,000,000 ብር ከ00 ሳንቲም። ዕዳው ተሰረዘ።

እኔ ለገንዘብ የምመርጠው ግን «ስታንዳርድ ኢንት ዶት ኤች» ውስጥ ያለውን ኢንት64_ቲ ነው። ልኩ ስሙ ላይ ተጽፏል፤ ዊንዶውስ ሆነ ሊነክስ 64 ነው። የሚይዘው እስከ 9,223,372,036,854,775,807 ሳንቲም ነው፤ ከ92 ሺህ ትሪሊዮን ብር በላይ። የቤት ዋጋ እዚያ እስኪደርስ ጊዜ አለን።

ስልክ ቁጥርን በኢንት ማስቀመጥም ሌላው የተለመደ ወጥመድ ነው። በ251 የሚጀምረው ሙሉ ቁጥር 12 ቤት ስለሆነ 32 ቢት ውስጥ በምንም ተአምር አይገባም። በ0 የጀመረውን ኮድ ውስጥ በቀጥታ ከጻፋችሁት ደግሞ ሲ «በ0 የጀመረ ቁጥር መሠረቱ 8 ነው» ይላል። 010 ብትሉት 8 ብሎ ያነበዋል። በ09 የሚጀምረውን ኮምፓይለሩ ወዲያው ይመልሰዋል፤ በስምንት ቤት ሒሳብ 9 የሚባል የለም። በ07 የሚጀምረው 8 እና 9 ከሌለበት ግን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሌላ ቁጥር ሆኖ። ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይባዛም። እንደ ጽሑፍ አስቀምጡት።

ጽሑፍ ካልን ቻርን እንይ፤ እኛን ፊደል ያለንን ሰዎች በተለይ ይመለከታልና። ቻር አንድ ባይት ነው። ፊደል በባይት በሚቀመጥበት በተለመደው አሠራር፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሀ» ስትቀመጥ 225፣ 136፣ 128 ሆና ነው። ቻር ሳይንድ ከሆነ የሚይዘው ከ-128 እስከ 127 ስለሆነ እነዚሁ ባይቶች -31፣ -120 እና -128 ሆነው ይነበባሉ። እነሱን «ይህ ፊደል ነው ወይ?» ለሚለው የሲ ፈንክሽን እንደወረዱ መስጠት ያንኑ «ምን እንደሚሆን አልናገርም» ያስከትላል። ይባስ ብሎ ቻር ሳይንድ ይሁን አንሳይንድ ደረጃው አልወሰነም። ኢንቴል ላይ ባለ ሊነክስ ብዙውን ጊዜ ሳይንድ ነው፤ ኤአርኤም (ብዙ ስልኮች ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር) ላይ ባለ ሊነክስ ብዙውን ጊዜ አንሳይንድ። ባይት ለባይትነቱ የምትፈልጉት ከሆነ «አንሳይንድ ቻር» በሉና ተገላገሉ። «አበበ» ብሎ ለመጻፍም 9 ባይትና ለመዝጊያዋ ዜሮ አንድ፣ 10 ቦታ ያስፈልጋል። ሦስት ፊደል ነው ብሎ አራት የያዘ ሰው ጎረቤቱን ያጥለቀልቃል።

ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ወሰን የሌላቸው ይመስላል። ፍሎት እስከ 38 ዜሮ፣ ደብል ከ300 ዜሮ በላይ ይሄዳል። የእነሱ ወሰን ያለው በትክክለኝነታቸው ላይ ነው። ፍሎት 16,777,216ን ይይዛል፤ 16,777,217ን ግን አያውቀውም፣ ወደ ጎረቤቱ ያጠጋጋዋል። ለዚህ ነው ገንዘብ በፍሎት አይያዝም የሚባለው። ሌላዋ ማሳሳቻ ኤፍኤልቲ_ሚን ናት። ስሟ ከኢንት_ሚን ጋር ስለሚመሳሰል ሰው «ትልቋ ኔጌቲቭ» ትመስለዋለች። አይደለችም። ለዜሮ በጣም የቀረበች ፖዘቲቭ ቁጥር ናት። ሁሉም ከዜሮ በታች ከሆኑ የሙቀት መጠኖች መካከል ከፍተኛውን ለመፈለግ ከእሷ የጀመረ ሰው መልሱ ራሷ ኤፍኤልቲ_ሚን ሆና ትመጣበታለች።

ይህ ሁሉ የክፍል ውስጥ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጁን 4 ቀን 1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ተነስታ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላት ተበታተነች። አንድ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሳይንድ ሲገለበጥ ከ32,767 በልጦ ተገኘ። ፕሮግራሙ የተጻፈው በሲ ሳይሆን «ኤዳ» በሚባል ቋንቋ ነው፤ ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር፤ ያቺ ሮኬት ደግሞ እንደ አዲሷ አትፈጥንም። ቁናው ያው፣ እህሉ ግን በዝቷል። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ቦይንግ 787 አውሮፕላን ኃይሉ ሳይጠፋ 248 ቀን ከቆየ የጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ሞልቶ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ እንደሚችል አስጠነቀቀ። 2,147,483,647ን በመቶኛ ሰከንድ ቁጠሩት፤ 248 ቀን ተኩል ገደማ ይመጣል።

ገና ያልደረሰውም አለ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። ያ ቁጥር በ32 ቢት ሳይንድ ከተያዘ የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፉ ሰዓት 03:14:07 ካለፈ በኋላ ነው። ወደ እኛ ቀይሩት። ጥር 11 ቀን 2030፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ነው! ታቦታቱ ጃን ሜዳ አድረው፣ ካህናቱ ጠበሉን ሲባርኩ። በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይለዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ማለት ነው። ላፕቶፖቻችንና አዳዲስ ስልኮቻችን ጊዜውን በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አያሰጉም። ሊነክስም በ2020 በወጣው 5.6 ቅጂው ለ32 ቢት ማሽኖች ጭምር መንገዱን ጠርጓል። የሚያሳስበው ግድግዳ ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ማንም የማያድሰው ትንንሽ ዕቃ ነው።

ይህን ለተማሪው ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ራሱ አሰላው። ትንሽ ዝም አለና «ያን ቀን ጃን ሜዳ ነኝ፤ ሰርቨር ወደቀ ብሎ እንዳይደውልልኝ» አለ።